ተኝቶ የሚጠብቅ ብረት፦ የጠመንጃ ታጣፊ ማነጣጠሪያ ታሪክ

«ሰናድር» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ፉከራ ላይ ይነሳል፤ ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ጠመንጃ ሲያወሩም ይጠሩታል። ቃሉ ግን የመጣው ከሰው ስም ነው። ጄኮብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ከኋላ በኩል የሚጎርስ ጠመንጃ ሠራ። እንግሊዞች በ1866 ፈጠራውን ተቀብለው፣ ከአፈሙዝ ይጎርሱ የነበሩትን የኤንፊልድ ጠመንጃዎቻቸውን በዚያው መንገድ ቀየሯቸው። ከሁለት ዓመት በኋላም ያንኑ ጠመንጃ ይዘው መቅደላ ድረስ መጡ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ሰናድር አጎራረስ አይደለም። ቱቦው ላይ ስለተኛች አንዲት ትንሽ ብረት ነው። በማጠፊያ የተያዘች ናት፤ ሲፈልጓት ትነሳለች፣ ሳይፈልጓት ትተኛለች። ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ እንደሷ የምትታጠፍ ሌላ ብረት በአሜሪካ ወታደሮች ጠመንጃ ላይ ወጣች። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያዋ የምትታጠፈው ሩቅ ለመድረስ ነበር። ሁለተኛዋ የምትታጠፈው ሌላ ነገር እስኪበላሽ ለመጠበቅ ነው።

እስቲ እንጠይቅ፦ በባትሪ የሚሠራ፣ የሚያበራ ዘመናዊ ማነጣጠሪያ እያለ ወታደሩ ለምን አሮጌ ብረት አጣጥፎ ይሸከማል? ብረቱንስ በምን መዝኖ ይመርጣል? መልሱ ከጠመንጃ አልፎ ለብዙ ነገር የሚሆን ትምህርት አለው።

ሁለት ብረት፣ አንድ ዓይን

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ተራ የብረት ማነጣጠሪያ ሁለት ክፍል አለው፤ አፈሙዙ አጠገብ የቆመ የፊት ብረት እና ወደ ዓይን የቀረበ የኋላ ብረት። ተኳሹ ሁለቱን ከዒላማው ጋር በአንድ መስመር ያሰልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ ጥይት ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ልክ እንደተወረወረ ድንጋይ ወደ መሬት ይወድቃል። በአየር ላይ አንድ ሰከንድ ከቆየ አምስት ሜትር ያህል ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅ ለመምታት አፈሙዙ በትንሹ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት። ይህን የሚያደርገው የኋላው ብረት ነው። የኋላውን ብረት ከፍ ስታደርጉት፣ ከፊተኛው ጋር ለማሰለፍ አፈሙዙን ከፍ ማድረግ ግድ ይላችኋል።

ሁለተኛው ችግር ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው። የኋላው ብረት ቅርብ ነው፣ የፊቱ ትንሽ ራቅ ይላል፣ ዒላማው ደግሞ በጣም ሩቅ ነው። የሰው ዓይን ሦስቱንም ባንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል።

ለዚህ ቆንጆ መፍትሔ አለ፤ የኋላውን ብረት ትንሽ ቀዳዳ ማድረግ። ቤት ውስጥ ሞክሩት። አንድ ወፍራም ወረቀት በመርፌ ብሱ። ከዚያ የተጻፈ ነገር ወደ ዓይናችሁ አቅርቡ፣ ፊደሉ እስኪደበዝዝ ድረስ። አሁን በቀዳዳው ውስጥ እዩት። ፊደሉ ጠራ አይደል? ቀዳዳው ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ብርሃን ቆርጦ በጠባብ መንገድ ብቻ ስለሚያስገባ ቅርቡም ሩቁም የተሻለ ይጠራል። በዚያ ላይ ዓይናችን ሳናዝዘው የቀዳዳውን መሀል ይፈልጋል። ዋጋው ግን ብርሃን ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ምስሉ ይጠራል፣ ነገር ግን ይጨልማል። በዚህ ምክንያት በብዙ የጦር ጠመንጃዎች ላይ ሁለት ቀዳዳ ይሠራል፤ ሰፊው ለቅርብና ለድንግዝግዝ፣ ጠባቡ ለሩቅ።

ሩቅ ለመድረስ መታጠፍ

ወደ ኤንፊልድ ጠመንጃ እንመለስ። በ1853 ሲወጣ የኋላ ማነጣጠሪያው ትንሽ መሰላል ይመስል ነበር። ለቅርብ ርቀት መሰላሉ ይተኛል። ለሩቅ ግን ይቆማል፤ በላዩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ብረት ርቀቱን ከሚያሳይ ቁጥር ጋር ይገጣጠማል። ቁጥሩ 900 ያርድን፣ ማለትም 820 ሜትር ገደማን፣ ይደርስ ነበር። መሰላሉ ቆሞ ቢቀር ደግሞ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ በጉዞ ላይ ይጣመማል። ማጠፊያው ከዚህ ያድነዋል።

መሐንዲሶቹ በዚህ አልቆሙም። ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት አደገ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዞቹ አጭር ሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃ በጎኑ ላይ ተጨማሪ ማነጣጠሪያ ነበረው፤ እስከ 2,800 ያርድ፣ ማለትም ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ። በዚያ ርቀት አንድን ሰው ለይቶ መምታት የማይታሰብ ነው። ሐሳቡ ብዙ ወታደር ባንድ ላይ ተኩሶ ሩቅ ያለን የሰልፍ ጦር እንዲያዘንብበት ነበር።

የጀርመኖቹ ጌቬር 98 ደግሞ ከ400 ሜትር ጀምሮ እስከ 2,000 ሜትር ይለካል። ልብ በሉ፤ ትንሹ ቁጥር 400 ነው! አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ሰዎች ምሽግ ውስጥ ሲገቡ ግን ጠላት ያለው 100 ሜትር ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ርቀት ላይ ነበር። ጀርመናዊው ወታደር እንደተለመደው አነጣጥሮ ቢተኩስ ጥይቱ ካሰበው በላይ ይሄዳል፤ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠርን መልመድ ነበረበት። እንግሊዞቹም በጦርነቱ መካከል ያን የ2,800 ያርድ ማነጣጠሪያ ከአዳዲስ ጠመንጃዎች ላይ አስቀሩት። ለሥራ የማይውል፣ ለማምረት ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ብረት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት እንያዝ። ማነጣጠሪያ የሚመረጠው ወረቀት ላይ ባለው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን ሰውየው በእርግጥ በሚያጋጥመው ርቀት ነው።

መነጽሩ ሲመጣ

በዚያው ጦርነት ሌላ ነገር ተስፋፋ፤ ጠመንጃ ላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር። መነጽር የዓይንን ሦስት ርቀት ችግር ባንድ ጊዜ ይፈታል። ዒላማውና የማነጣጠሪያው ምልክት በአንድ ምስል ላይ ስለሚታዩ ዓይን የሚያጠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግን መነጽር ከብረት ይልቅ ቅምጥል ነው። ውስጡ ጉም ይይዛል፣ ሌንሱ በጭቃ ይሸፈናል፣ ትንሽ ከተጋጨ ከልኩ ይወጣል። የእንግሊዝ ጦር ተኳሾችን ያሠለጠነው ሄስኬዝ-ፕሪቻርድ የግንባር ጠመንጃዎችን ሲፈትሽ ብዙዎቹ መነጽሮች ከልካቸው የወጡ ሆነው አገኛቸው። ባለቤቶቹ ግን አላወቁም፤ አነጣጥረናል ብለው ይተኩሳሉ፣ ጥይቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ታዲያ መነጽር ሲበላሽ ምን ይደረግ? አገሮች የተለያየ መልስ ሰጡ።

ሶቪየቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞሲን-ናጋንት ጠመንጃቸውን መነጽር ከጎን በሚነሳ መያዣ ላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ከሥሩ ክፍተት ስላለ ተኳሹ አንገቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ በዋናው የብረት ማነጣጠሪያ ማየት ይችላል። በ1963 ሥራ ላይ የዋለው ድራጉኖቭም ያንኑ መንገድ ተከተለ፤ መነጽሩ በጎን ይያዛል፣ ብረቱ እንዳለ ይቀራል። ለነሱ መጠባበቂያ መግዛት ብሎ ነገር የለም፤ ብረቱ መጀመሪያውኑ አልተነሳም።

ኦስትሪያዎች በ1977 ያወጡት ሽታየር አውግ የሚባል ጠመንጃ 1.5 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር አብሮት ተሠርቷል። እንግሊዞች በ1985 ያወጡት ኤል 85 ደግሞ ባለ 4 ማጉያ ነበረው። ሁለቱም በመነጽራቸው ጀርባ ላይ ትንሽ የአደጋ ጊዜ የብረት ማነጣጠሪያ ተደርጎላቸዋል። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል። ሌንሱ በጭቃ ቢሸፈን በእርግጥ ይረዳል። ግን መነጽሩ ራሱ ቢጣመም ወይም ከመያዣው ቢወልቅስ? በጀርባው ላይ የተቀመጠው መጠባበቂያ አብሮት ይሄዳል።

ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። መብራት ሲጠፋ በስልኬ መብራት እጠቀማለሁ ብላችሁ ተማምናችኋል እንበል። ማታ መብራት ጠፋ። ስልኩን ስታነሱት ባትሪው 2 በመቶ ላይ ነው፤ ለምን? መብራት ቀኑን ሙሉ ስላልነበረ ቻርጅ አልተደረገም። ዋናውና መጠባበቂያው በአንድ ምክንያት ባንድ ጊዜ ወደቁ። መሐንዲሶች በጣም የሚፈሩት ውድቀት ይህ ነው፤ አንድ ምክንያት ሁለቱንም ሲጥል። ሻማ ግን ከመብራት ኃይል ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

እጀታው ሲነሳ

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን ደረስን። የአሜሪካው ኤም 16 ጠመንጃ፣ የዩጂን ስቶነር ንድፍ፣ ከላይ ትልቅ እጀታ ነበረው። ብዙ ሰው እጀታው ለመሸከሚያ ብቻ ይመስለዋል። የኋላው ማነጣጠሪያ ግን የተቀመጠው እዚያው እጀታ ውስጥ ነበር። ሰደፉ ከቱቦው ጋር ቀጥ ብሎ ስለተሠራ የተኳሹ ዓይን ከቱቦው በላይ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ማነጣጠሪያውም እዚያ ከፍታ ላይ መድረስ ነበረበት።

በሌላ በኩል፣ በ1975 በስዊድን አይምፖይንት የሚባል ኩባንያ አዲስ ዓይነት ማነጣጠሪያ ለገበያ አወጣ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት ቀይ ብርሃን ወደ ጎበጠ ሌንስ ይልካል፤ ሌንሱም ወደ ዓይን ይመልሰዋል። ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው ስለሚመጡ ቀዩ ነጥብ ሩቅ፣ ዒላማው ዘንድ ያለ ይመስላል። ሁለት ብረት ማሰለፍ ቀረ፤ ነጥቡን ዒላማው ላይ ማድረግ ብቻ ነው። ሁለት ዓይን ተከፍቶም ይሠራል።

እነዚህን መሣሪያዎች የሚቀበል ጠመንጃ አስፈለገ። በ1994 አጭሩ ኤም 4 ሥራ ላይ ሲውል እጀታው ሊነሳ የሚችል ሆነ። ከሥሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ሐዲድ አለ። በ1995 የዚህ ሐዲድ ልክ በፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ማዕከል ስም የሚጠራ መለኪያ ሆኖ ጸደቀ፤ ከጥርስ ወደ ጥርስ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ማንኛውም ሐዲድ ላይ ይገጠማል። በ1997 የአሜሪካ ጦር የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያውን ኤም 68 ብሎ ተቀበለው።

ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። ቀይ ነጥቡን ለመግጠም እጀታው ይነሳል። እጀታው ሲነሳ የኋላው ማነጣጠሪያ አብሮ ይሄዳል። ፊት ለፊት ያለው ብረት ቱቦው ላይ ተቸንክሮ ብቻውን ቀረ። ሁለት ከሌለ ደግሞ መስመር የለም። ባትሪው ካለቀ፣ ሌንሱ ከተሰበረ፣ በረዶ ከሸፈነው ወታደሩ በእጁ የያዘው አቅጣጫ የሌለው ቱቦ ነው። ጥያቄው የእሱ ሕይወት ብቻ አይደለም። በትክክል የማያነጣጥር ጠመንጃ ያልታሰበን ሰውም ይመታል።

የታጣፊ መጠባበቂያ ማነጣጠሪያ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። ከእጀታው ይልቅ ሐዲዱ ላይ የሚገጠም፣ ቀይ ነጥቡን እንዳይከልል የሚተኛ፣ ሲያስፈልግ ባንድ ጣት የሚነሳ የኋላ ብረት። በኋላ ቱቦውን የሚሸፍን ረጅም ሐዲድ ያላቸው ጠመንጃዎች ሲመጡና የተቸነከረው የፊት ብረት ሲቀር፣ የፊቱም ታጣፊ ሆነ።

ምርጫው በምን ይሁን?

ብዙ ፋብሪካዎች ገቡበትና ምርጫው በዛ። ግን ጥያቄዎቹ በአራት ይጠቃለላሉ።

አንደኛው ማጠፊያው ነው። የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ይወላገዳል፤ ያረጀ በር እንዴት እንደሚነቃነቅ አስቡ። በኤም 4 ላይ በፊትና በኋላ ብረት መካከል ያለው ርቀት 37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኋላው ብረት በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢያዘነብል፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ በ27 ሴንቲ ሜትር ይስታል። (100 ሜትርን ለ0.37 ሜትር አካፍሉ፤ 270 ታገኛላችሁ። ስሕተቱ በ270 እጥፍ አደገ ማለት ነው።) የአንድ ወረቀት ውፍረት የሚያህል፣ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ መነቃነቅ እንኳ 300 ሜትር ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ታጣፊ ብረት መቶ ጊዜ ተነስቶ መቶ ጊዜ ቢተኛ ያው ቦታ ላይ መቆም አለበት። አንዳንዱ ሲነሳ ቁልፍ ይይዘዋል፤ ጽኑ ነው፣ ግን ኃይለኛ ምት ካገኘው ሊሰበር ይችላል። ሌላውን የሚያቆመው ሞላ ነው፤ ሲመታ ይተኛና ይመለሳል፣ ግን ሳያውቁት ሊተኛ ይችላል። ሁለቱም የሚያስከፍሉት አላቸው።

ሁለተኛው የተሠራበት ነገር ነው። ፕላስቲክ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ጥንዱ 100 ግራም አይሞላም። ብዙ ጊዜ ተኝቶ ለሚውል ዕቃ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቱቦው ሲተኮስ ይግላል፤ በተለይ ጋዝ የሚወጣበት ቦታ በጣም ስለሚግል ፕላስቲክ እዚያ አይቀመጥም፤ ይለሰልሳል። እዚያ ቦታ የሚሆነው አረብ ብረት ነው። አሉሚኒየም በሁለቱ መካከል ነው።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። መጠባበቂያው ከቀይ ነጥቡ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ተኳሹ በመስታወቱ ውስጥ ብረቱንና ነጥቡን አንድ ላይ ያያል። ነጥቡ ቢጠፋ ጭንቅላቱን ማንቀሳቀስ አይኖርበትም፤ በዚያው መስታወት በብረቱ ያነጣጥራል። አንዳንዶች ደግሞ ብረቱ ከመስታወቱ ታችኛው ሲሶ ላይ እንዲታይ ይመርጣሉ፤ በተለመደው ጊዜ እይታን እንዳያጨናንቅ ብለው። የሚያጎላ መነጽር ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። ብረቱ በመነጽሩ ውስጥ ደብዝዞ ይጠፋል። ያኔ ወይ መነጽሩ ባንድ እጅ ቶሎ የሚነሳ መሆን አለበት፣ ወይ መጠባበቂያው በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ይገጠማል፤ ተኳሹ ጠመንጃውን ትንሽ አዘንብሎ ያየዋል።

አራተኛው ከዕቃው ሳይሆን ከሰውየው ነው። ማንኛውም ማነጣጠሪያ ተገጥሞ ብቻ አይሠራም። ተኩሶ ማየት፣ ጥይቱ ያረፈበትን መለካት፣ ከዚያ በብሎን እያስተካከሉ ልኩን ማስያዝ ያስፈልጋል። ለመጠባበቂያ ይህን የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው፤ «ሲያስፈልግ አደርገዋለሁ» ይላል። አባቶቻችን ለዚህ መልስ አላቸው፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልኩ ያልተያዘ መጠባበቂያ ከሌለ መጠባበቂያ የከፋ ነው። የሌለ ነገር ቢያንስ አያታልልም።

ታዲያ አሁንም ያስፈልጋል?

ዛሬ ጥያቄው እንደገና ተነስቷል። አንዳንድ ዘመናዊ ቀይ ነጥቦች በአንድ ተራ ባትሪ ላይ ሳይጠፉ ከ8 ዓመት በላይ እንደሚሠሩ ፋብሪካዎቻቸው ይናገራሉ። በባትሪ ፈንታ ትሪቲየም በሚባል ራሱ በሚያበራ ንጥረ ነገር የሚሠሩም አሉ። «ብረቱ ትርፍ ክብደት ነው» የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ይህ ነው፤ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። ያን የ2,800 ያርድ ማነጣጠሪያ አስታውሱ፤ ማንም የማይጠቀምበት ብረት በመጨረሻ ተነቅሏል።

ግን አንድ ልዩነት አለ። የ2,800 ያርዱ ብረት የተነቀለው ሥራው ራሱ ስለሌለ ነው። የመጠባበቂያው ሥራ ግን አልጠፋም፤ የሚመጣበት ቀን ብቻ እየራቀ ሄደ። ባትሪ ቢረዝምም መስታወት መስታወት ነው፤ ጭቃም ጭቃ ነው። ብረቱ ባትሪ የለውም፣ ሌንስ የለውም፣ ሽቦ የለውም። ከዋናው ጋር የሚጋራው ምክንያት እጅግ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ያ ነው። ያረጀ ቴክኖሎጂ መሆኑ ጉድለቱ ይመስላል፤ የተመረጠው ግን በተለየ መንገድ ስለሚበላሽ ነው።

የመንገደኛ አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥም ይኸው ሐሳብ አለ። በትልልቆቹ ስክሪኖች መካከል አንድ ትንሽ መጠባበቂያ መሣሪያ ትገኛለች፤ የአውሮፕላኑን አቋም፣ ፍጥነትና ከፍታ ታሳያለች። ከዋናዎቹ ጋር አብራ እንዳትጠፋ ኃይል የምታገኝበት የራሷ መንገድ አላት። አብራሪው በአብዛኛው በረራ አይመለከታትም። መኪና ውስጥ ያለው ስኮርታም እንደዚሁ ነው፤ ነፋሱ ካልታየ ግን ስኮርታ ሳይሆን ጭነት ነው።

እናንተም ዙሪያችሁን እዩና መጠባበቂያ ያላችሁትን ነገር ሁሉ በሁለት ጥያቄ ፈትኑ። ዋናውን የሚጥለው ነገር ይህንንም ይጥለዋል? ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ እንደሆነ ያየሁትስ መቼ ነው?